ጃይንት ስዊንግ እምቢ ሲል፦ ከጆይስቲኩ በፊት ኪንግን እይ

ደብረ ብርሃን ጌም ቤት ገብተህ ቴከን በሚባለው የድብድብ ጌም ላይ ኪንግ የተባለውን ታጋይ ከያዘ ልጅ አጠገብ ብትቀመጥ፣ ብዙ ሳይቆይ "ጆይስቲኩ ነው!" ሲል ትሰማዋለህ። ተጋጣሚን ይዞ አዙሮ የሚወረውረውን ጃይንት ስዊንግ ሞክሮ ባዶ ቡጢ ወጥቶለታል። አንዳንዴ እውነቱን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የጣት ነው። ደግነቱ፣ የቱ ጋ እንደሳትክ ለማወቅ መገመት አይጠበቅብህም። ኪንግ በመያዝ ፈንታ ምን እንዳደረገ ብቻ ተመልከት።

መጀመሪያ ትእዛዙን እናስታውስ። ፊትን አንዴ ነካ ታደርጋለህ። ከዚያ አውራ ጣትህን ከኋላ ተነስተህ በታች በኩል ወደ ፊት ታዞራለህ፦ ኋላ፣ ኋላ-ታች፣ ታች፣ ፊት-ታች፣ ፊት። መጨረሻው ፊት ላይ ስትደርስ ካሬ። በፕሌይስቴሽን ጆይስቲክ ካሬ ግራ ቡጢ ነው፤ ትሪያንግል ደግሞ ቀኝ ቡጢ። "ፊት" ማለት ሁልጊዜ ወደ ተጋጣሚህ ማለት ነው።

ቴከን በሰከንድ 60 ፍሬም (ተከታታይ ምስል) ይሄዳል። አንዱ ፍሬም 17 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። አንተ "ትንሽ ቀደምኩ" የምትለው ለጨዋታው አራት አምስት ፍሬም ሊሆን ይችላል። ያ ደግሞ ብዙ ነው።

ኪንግ ቁጢጥ ብሎ ይማታል

ካሬን የተጫንከው ጣትህ ገና ታች ላይ እያለ ነው። ታች እና ካሬ አብረው ሲመጡ ጨዋታው ቁጭ ብሎ የሚወረወር ቡጢ ብሎ ይረዳዋል። ትእዛዙን አልጨረስክም፣ ግን ቀኝ እጅህ ቸኩሏል። ፊት-ታች ላይ ሆነህ ከተጫንክም ያው ነው፤ እዚያ ላይ ያለው ሌላ ምት ይወጣል።

መፍትሄው ጣትን ማፍጠን አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ አልወጣ ሲለው ይበልጥ ይፈጥናል፣ በፈጠነ ቁጥር ካሬው ይበልጥ ይቀድማል። ፕራክቲስ (የመለማመጃው ክፍል) ውስጥ ገብተህ መጀመሪያ ካሬን ጨርሶ ተወው። ዙሩን ብቻ አዙረህ ፊት ላይ ቁም፣ ያዝ አድርገው። ጣትህ ፊት ላይ መቆሙን ሲለምድ ካሬውን ጨምር። ፊትን እንደያዝክ ካሬን መጫን ይቻላል፤ ማንም አልከለከለህም። ፊቱን ቶሎ የሚለቅ ሰው ራሱን ነው የሚያስቸግረው።

ቆሞ ተራ ቡጢ ይወረውራል

ይሄኛው ተንኮለኛ ነው፤ ምክንያቱ ከአንድ በላይ ነው። ወይ ካሬው ዘግይቶ ጣትህ ፊትን ለቆ ወጥቷል፣ ወይ ከመንገዱ አንድ አቅጣጫ ተዘሏል፣ ወይ ደግሞ የመጀመሪያዋን ፊት ረስተሃታል።

ለመለየት ፕራክቲስ ውስጥ የተጫንካቸውን ቁልፎች በተራ የሚያሳየውን ማሳያ ክፈት። ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ቀስቶች ይደረደራሉ። ከከሸፈው ሙከራ በኋላ አንብባቸው። ካሬው ያለ ቀስት ብቻውን ከተቀመጠ ዘግይተሃል። ካሬው ከፊት ቀስት ጋር ሆኖ ግን ከላይ ያለው ሰንሰለት ከጎደለ ችግሩ ዙሩ ላይ ነው። በብዛት የሚጠፋው ኋላ-ታች ነው። ሰው ከኋላ ቀጥታ ወደ ታች ይዘልና ማዕዘኗን ይረሳታል። አውራ ጣትህን ከቁልፉ ላይ እያነሳህ አትቁጠር። እንጀራ የሚጋግር ሰው ሊጡን ምጣዱ ላይ ሳያቋርጥ እንደሚያዞረው አንዴ ዳስሰህ እለፍ።

የመጀመሪያዋ ፊት ከጠፋች ነገሩ ቀላል ነው። እሷን ለብቻ ነካ አድርገህ ልቀቃት፣ ከዚያ ዙሩን ጀምር። አንድ ላይ ጠቅልለህ ለማለፍ ከሞከርክ ኋላ ውስጥ ትዋጣለች።

ይዘላል

ጣትህ ዙሩን ከጨረሰ በኋላ ከፊት አልፎ ወደ ላይ ወጥቷል። በአናሎግ (በሚወዛወዘው ዘንግ) የሚጫወቱ ላይ ይበዛል፤ አናሎጉ የሚቆምበት ቦታ ለጣት በደንብ አይሰማም። ወደ አቅጣጫ ቁልፉ ተመለስ። በቃ።

ከግራ ቆሜ ይወጣል፣ ከቀኝ እምቢ ይላል

ዙሩ ተገልብጧል፣ ጣትህ ግን የለመደው አንዱን ወገን ነው። ፕራክቲስ ላይ ስትሆን ከቀኝ ጀምር፣ ከግራ ኋላ ትደርስበታለህ። ጌም ቤት ውስጥ ሁልጊዜ አንደኛውን ጆይስቲክ የሚሻሙ ልጆች ምክንያታቸው ይሄ ነው፤ ሁለተኛውን ጆይስቲክ የያዘ በቀኝ ነው የሚጀምረው።

ፕራክቲስ ላይ ይወጣል፣ ጨዋታ ላይ ይጠፋል

ተሸናፊ ይነሳል በሚባልበት ቤት ይሄ የተለመደ ነው። ከኋላህ ሦስት ልጅ ተራ ይጠብቃል፣ አንዱ ትከሻህ ላይ ተደግፎ "ያዘው! ያዘው!" ይላል። እጅህ ይቸኩላል።

እዚህ ላይ የሚረዳህ ዙሩን ከባዶ አለመጀመር ነው። ተራ ቡጢ አንዴ ወርውር። ቡጢው እየተመለሰ እያለ ዙሩን ጀምር፣ እጁ ተመልሶ ሲያበቃ ፊት ከካሬ ጋር ድረስ። ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ኪንግ በዙሩ መሃል ጎንበስ ሲል አይታይም፤ ያቺን መጎንበስ የሚያውቅ ተጋጣሚ ቀድሞህ ቁጭ ይላል። ሁለተኛ፣ ተራ ቡጢ ብሎክ ቢደረግ እንኳ አንድ ፍሬም ትርፍ ለአንተ ይሰጣል፤ ከእሱ በዚያች ያህል ቀድመህ ትንቀሳቀሳለህ። የቡጢው መመለሻም ለጣትህ መለኪያ ይሆነዋል።

ልምምዱን ደግሞ ሰው በሌለበት ሰዓት አድርገው። በጌም ከመክፈል በሰዓት ተከራይተህ ብቻህን ፕራክቲስ መግባት ይሻላል። የጌም ቤት ልጅ ጠዋት ላይ እንዲህ ብትለው ደስ ነው የሚለው።

ጠዋት ካልን፣ ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ነው የተቀመጠችው። ህዳርና ታህሳስ ላይ ውርጭ በወረደበት ጠዋት የደነዘዘ ጣት ማዕዘን አያገኝም። ሻይ አዘህ ብርጭቆውን ትንሽ ጨብጠህ ቆይ። ሸዋሮቢት ወርደህ ከተጫወትክ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ እዚያ ላብ ነው የሚያንሸራትትህ፣ መሐረብ ያዝ።

ይወጣል፣ ግን አይይዝም

ተጋጣሚህ ቁጭ ብሏል። ጃይንት ስዊንግ የቆመ ሰው ነው የሚይዘው፤ ቁጭ ያለ ሰው ላይ በአናቱ ያልፋል፣ አንተም ክፍት ሆነህ ትቀራለህ። ይሄ የጣት ችግር አይደለም። ቁጭ ያለን ሰው መሃል የሚመታ ምት ያገኘዋል። አንድ ሁለቴ በዚያ ከቀመሰ ቆሞ ብሎክ ማድረግ ይጀምራል። ያኔ ያዘው።

ይዞ የሚፈታብህ ከሆነ ደግሞ ሰውየው ካሬን ለምዷል። ጃይንት ስዊንግ በካሬ ነው የሚፈታው። ኪንግ በትሪያንግል የሚፈቱ መያዣዎችም አሉት፤ ቱምስቶን አንዱ ነው። ቀላቅል።

አሁን እውነት ጆይስቲኩ ነው?

ቁልፍ ማሳያውን ክፈትና አንዷን አቅጣጫ ይዘህ ቆይ። ቀስቱ ሳትለቅ ብልጭ ድርግም ካለ ወይም ማዕዘኗ ጭራሽ ካልመጣች፣ ሰበብህ ትክክል ነው። ሲከፈት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከቁልፉ ስር ያለው ጎማ ላይ የተጋገረ ቆሻሻ ነው። በአልኮል ያራሱት ጥጥ ይበቃዋል። የፕሌይስቴሽን 3 ጆይስቲክ ግን ሌላ ዓመል አለው። ቁልፎቹ የሚያርፉበትን ስስ ፕላስቲክ ወደ ቦርዱ የሚገፋ ትንሽ ስፖንጅ ውስጡ አለ። ስፖንጁ ሲሟሽሽ ቁልፉ ራሱን ሲጫን ወይም ሲጠፋ ታያለህ። ጠጋኞች እዚያ ላይ ስስ ነገር ደርበው ይመልሱታል።

ቲቪውንም ጠርጥር። ጠፍጣፋዎቹ ምስሉን አሳምረው እስኪያወጡ ጊዜ ይወስዳሉ። ካሬን ጠቅ ስታደርግ ቡጢው ከጣትህ ዘግይቶ የሚመጣ ከመሰለህ የምስል ማስተካከያው ውስጥ ጌም ሞድ የሚለውን አብራ። ጀርባቸው የወጣው የድሮ ቲቪዎች ይሄ ጣጣ የለባቸውም፤ ቤቱ ውስጥ አንድ ካለ እሱ ጋ ተቀመጥ።

እኔን ሲይዙኝ መፍታት አልቻልኩም

በቴከን 7 ለመፍታት 20 ፍሬም ይሰጥሃል፤ የሰከንድ ሲሶ ማለት ነው። ይበቃል፣ እጁን እያየህ ከሆነ። ግራ እጁ ከቀደመ ካሬ። ቀኝ እጁ ከቀደመ ትሪያንግል። ሁለቱም አብረው ከተዘረጉ ሁለቱንም ባንዴ። ፊቱን ወይም እግሩን አትይ፣ ትከሻው አካባቢ ዓይንህን ትከል።

እዚህ ላይ የሚገድልህ ቁልፍ መቀጥቀጥ ነው። ጨዋታው የሚቀበለው መጀመሪያ የተጫንከውን ነው። ተሳስተህ ትሪያንግል ከነካህ በኋላ ካሬን አሥር ጊዜ ብትደግመው ዋጋ የለውም፣ እየዞርክ ትወረወራለህ። አንዴ፣ አይተህ፣ ተጫን። ኪንግ እየሰነሰለ የሚቀጥላቸው መያዣዎች ደግሞ በየደረጃው የራሳቸው መፍቻ አላቸው፤ እነሱን ለጊዜው ተዋቸው፣ የመጀመሪያውን መያዝ ፍታ።

ለዚህ ልምምድ ብር አያስፈልግም። ተራህን ስትጠብቅ ሌሎች ሲጫወቱ የኪንግን እጅ ብቻ ተከታተል። ሊይዝ በተነሳ ቁጥር ግራ፣ ቀኝ፣ ወይም ሁለቱም ብለህ በሆድህ ጥራ። ጮክ ብለህ ከጠራህ ግን ተይዞ የተወረወረው ልጅ ከቤቱ ያስወጣሃል።