ድሬ ላይ ሆነን የባትሪ ኤሌክትሮድ በዚንክ እንዴት እንለብጣለን?

የዚንክ ባትሪን ቻርጅ ማድረግና ብረት መለበጥ አንድ ሥራ ነው። የዚንክ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ፈሳሹ ውስጥ የሟሟው ዚንክ ተመልሶ ሳህኑ ላይ ይለጠፋል። ልባጥ ማለትም ይኸው ነው። ዚንኩ እኩል ሆኖ ከተለጠፈ ባትሪው ዕድሜ ይኖረዋል። እንደ ቁጥቋጦ እየሾለ ከበቀለ ግን በሁለቱ ኤሌክትሮዶች መሃል ያለውን መለያ ይበሳና ማዶ ካለው ኤሌክትሮድ ጋር ይገናኛል፤ ባትሪው ሾርት አድርጎ አበቃለት። ስለዚህ ባትሪ ለምን እንደሚሞት ማወቅ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ መለበጥ ይማር ባይ ነኝ።

ድሬ ውስጥ የባጃጅ ባትሪ የሚያድሱ፣ ሶላር የሚገጥሙ ልጆች ሞልተዋል። ይህን የምጽፈው ለእነሱና ለኬሚስትሪ ተማሪዎች ነው። ዛሬ የምንሠራው 5 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆነ የመዳብ ሳህን በአንድ ፊቱ ዚንክ ማልበስ ነው። ሲያልቅ የእውነት የሚሠራ የባትሪ ኔጋቲቭ ኤሌክትሮድ ይሆናል።

ዕቃው ከየት ይገኛል?

ለዚንኩ ትልቁን የእጅ ባትሪ ድንጋይ ፈልጉ፤ ያለቀበትም ይሆናል። ርካሹ፣ አልካላይን ያልሆነው ድንጋይ ገላው ራሱ ዚንክ ነው። ላዩን የለበሰውን ልጣጭ አውልቁ፣ ቆርቆሮውን ቁረጡ፣ ውስጡ ያለውን ጥቁር ዱቄት በጓንት አውጥታችሁ ለብቻው በፌስታል ቋጥሩት። የቀረውን ዚንክ አጥባችሁ በመዶሻ አስተካክሉት። አልካላይን የሚል የተጻፈበትን እንዳትነኩ፤ ገላው ብረት ነው፣ ውስጡ ያለው ፖታሽ ደግሞ ዓይን ያጠፋል። የስልክና የላፕቶፕ ሊቲየም ባትሪማ ጭራሽ አይከፈትም። ዚንኩን እሳት ላይ ማቅለጥም አያስፈልግም፤ ጭሱ ያሳምማል።

የዚንክ ጨው ማለትም ዚንክ ሰልፌት የእርሻ ግብዓት የሚሸጡ ሱቆች ጋ እንደ ማዳበሪያ ይሸጣል። ቦሪክ አሲድ ደግሞ መድኃኒት ቤት ጠይቁ። የመዳብ ሳህን፣ ቴስተር፣ ሬዚስተርና ክሊፕ ታይዋን ወይም ቀፊራ ገበያ ዞር ዞር ብሎ የሚያጣቸው የለም።

ውሃው ላይ ግን አደራ። የድሬ የቧንቧ ውሃ ጠንካራ ነው፤ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቁታላችሁ። ያ ካልሲየምና ካርቦኔት ከዚንክ ሰልፌት ጋር ሲገናኝ ፈሳሹን ያደፈርሰዋል፣ ልባጡንም ያሻክረዋል። ለመኪና ባትሪ የሚጨመረውን የተጣራ ውሃ ግዙ። ስትገዙ "ውሃው ነው ወይስ አሲዱ?" ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ፤ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ጀሪካን ሊቀርብላችሁ ይችላል።

ፈሳሹን መበጥበጥ

ለግማሽ ሊትር የተጣራ ውሃ 125 ግራም ዚንክ ሰልፌት ይበቃል። ይህ መጠን ትልልቅ ክሪስታል ለሆነው፣ ሰባት ውሃ ለያዘው ዓይነት ነው። ከረጢቱ ላይ ሞኖሃይድሬት፣ ማለትም አንድ ውሃ ብቻ የያዘ፣ የሚል ካያችሁ ወደ 78 ግራም ዝቅ አድርጉት። ከዚያ 10 ግራም ቦሪክ አሲድ ጨምሩበት፤ ሥራው የአሲዱን መጠን ማረጋጋት ነው፣ በተለይ ሳህኑ አጠገብ። የፒኤች ወረቀት ካላችሁ ከ3 እስከ 4 መካከል ይሁን። ከዚያ ከበለጠና ፈሳሹ ነጭ ነጭ ካለ አቼቶ ጠብ ጠብ አድርጉበት።

የማዳበሪያ ጨው ንጹሕ አይደለም። ትንሽ መዳብ ወይም ሌላ ብረት ከገባበት ሳህኑ ላይ ከዚንኩ ጋር ይለጠፍና ልባጡን ያጠቁረዋል። በኋላም ባትሪው ቆሞ ሳለ ዚንኩ በከንቱ ይበላል፣ ሃይድሮጅንም ይወጣል። መፍትሔው ቀላል ነው። ፈሳሹን በወፍራም ጨርቅ አጥልሉትና የዚንክ ቁራጭ ከትታችሁበት ይደር። ጠዋት ቁራጩ ላይ ጥቁር ነገር ተለጥፎ ታገኛላችሁ። ያ መዳብና መሰሎቹ ናቸው፤ ዚንኩ ቦታቸውን ወስዶ ከፈሳሹ አስወጥቷቸዋል። ቁራጩን አውጥታችሁ ጣሉ፣ ፈሳሹን እንደገና አጥልሉ።

የምትጠቀሙበት ጠርሙስ፣ የማርማላታም ይሁን ሌላ፣ ከዚህ በኋላ ወደ ወጥ ቤት አይመለስም። በትልቁ ጻፉበት።

ጽዳት፦ ሥራው የሚበላሸው እዚህ ነው

ብዙ ሰው ከረንት ለመስጠት ይቸኩልና ልባጡ እንደ ቆዳ ሲላጥበት ጨዉን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን የጣት ቅባት ነው። መዳቡን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት እሹት፣ በላርጎ አጥባችሁ በደንብ አለቅልቁት። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ አይነካም፤ ጠርዙን ብቻ በጓንት ያዙት።

አሁን ሳህኑን አቁማችሁ የተጣራ ውሃ አፍስሱበትና ዓይናችሁን ጠጋ አድርጋችሁ እዩት። ውሃው ፊቱን ሁሉ እንደ አንድ ስስ መጋረጃ ሸፍኖ ከቆየ ንጹሕ ነው። አንድ ቦታ ላይ ከተሰነጠቀ፣ ጠብታ ሠርቶ ከሸሸ፣ እዚያ ጋ ቅባት አለ። እንደገና እጠቡ፤ ሦስቴም ቢሆን እጠቡ። ውሃው ሳይሰነጠቅ እስኪቆይ ድረስ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

ካለፈ በኋላ የሳህኑን ጀርባና አራቱን ጠርዞች፣ እንዲሁም ሽቦው የሚያያዝበትን አንገት ውሃው የሚደርስበትን ያህል የጥፍር ቀለም ቀቡና ይድረቅ። ይህ ለማሳመር አይደለም። ባትሪ ውስጥ ሲገባ ራቁቱን የቀረ መዳብ ካለ ከዚንኩ ጋር በራሱ ሾርት ያደርጋል፣ ዚንኩም ምንም ሳንጠቀምበት ይሟሟል። በመጨረሻ ፊቱን ለግማሽ ደቂቃ ሎሚ ጭማቂ ወይም አቼቶ ውስጥ ንከሩት፣ በላዩ የቀረው ኦክሳይድ ይለቃል። አለቅልቁና ሳይደርቅ ወደ ፈሳሹ።

ከረንት፦ ቮልቱን ሳይሆን ስፋቱን ቁጠሩ

"ስንት ቮልት ልስጠው?" የሚለው ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ አይደለም። መጠየቅ ያለበት ለእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ስንት ሚሊ አምፒር ይደርሰዋል ነው። ለጀማሪ 10 ሚሊ አምፒር በቂ ነው። የኛ ሳህን 25 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 250 ሚሊ አምፒር ይፈልጋል ማለት ነው።

የሚስተካከል ፓወር ሰፕላይ ካላችሁ ጥሩ። ከሌላችሁ ባለ 5 ቮልት የስልክ ቻርጀር ከ18 ኦም ሬዚስተር ጋር ተከታታይ አድርጋችሁ ብታያይዙት ወደዚያው ይጠጋል። ሬዚስተሩ 5 ዋት ይሁን፣ ትንንሾቹ ይቃጠላሉ። ቴስተሩንም በዚያው መስመር ላይ አስገቡና አምፒሩን ተከታተሉ።

የድንጋዩ ዚንክ ፖዘቲቭ ላይ፣ የሚለበጠው መዳብ ኔጋቲቭ ላይ። ይህ ከተገላበጠ መዳቡ ይሟሟል። ዚንኩን በቁራጭ ነጠላ ጠቅልሉት፤ እየተበላ ሲሄድ ጭቃ ያራግፋል፣ ያ ጭቃ ሳህኑ ላይ ካረፈ ጉብ ጉብ ያለ ልባጥ ነው የሚወጣው። ሁለቱ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው ፊት ለፊት ይተያዩ። ሽቦውን አስቀድማችሁ አያይዙና ሳህኑን ከረንቱ እንዳለ ክተቱት። በየጥቂት ደቂቃው በፕላስቲክ ማንኪያ ቀስ ብላችሁ አማስሉ።

በደቂቃዎች ውስጥ ቀዩ መዳብ ገርጥቶ ግራጫ ይሆናል። አመድማ፣ ደብዘዝ ያለ፣ ለስላሳ ግራጫ ከሆነ አቦ፣ በቃ ደርሳችኋል። ጥቁርና በጣት ሲነካ የሚረግፍ ከሆነ ከረንቱ በዝቷል ወይም ፈሳሹ ቆሽሿል። ጠርዙና ማዕዘኑ ላይ ሹል ሹል ነገር ካበቀለ ከረንቱ እዚያ ተከማችቷል ማለት ነው፤ ከረንቱን ቀንሱ፣ ርቀቱን ጨምሩ፣ ማማሰሉን አትተዉ። ቅንጣት ታህል የሟሟ ጀላቲንም ይረዳል፤ ሾጣጣው ጫፍ ላይ እየተለጠፈ እድገቱን ይገታዋል።

እነዚያን ሹሎች ልብ ብላችሁ እዩዋቸው፣ ካላችሁ በማጉያ መነጽር። ባትሪ የሚገድሉት እነሱ ናቸው። የሊቲየም ባትሪም ያለ አቅሙ በፍጥነት ቻርጅ ሲደረግ፣ ይበልጡን ደግሞ በብርድ፣ ሊቲየሙ ኔጋቲቩ ላይ ያለው ግራፋይት ውስጥ መግባቱን ትቶ ላዩ ላይ ይለበጣል። አደጋው ያው ነው።

መብራት ከሄደ ሳህኑን ወዲያው አውጡና አለቅልቁት። ተመልሶ ሲመጣ ዝም ብሎ መቀጠል አይሆንም፤ አዲሱ ልባጥ በአሮጌው ላይ በደንብ አይይዝም። አቼቶ ውስጥ ለአፍታ ነክራችሁ፣ አለቅልቃችሁ ቀጥሉ። ሥራውን ጠዋት ብትጀምሩት ይሻላል፤ በድሬ ቀትር ፈሳሹ ይሞቃል፣ ይተናልም። የጎደለውን በተጣራ ውሃ ብቻ ሙሉ። መስኮት ይከፈት፣ አጠገቡ ክብሪትም ሲጋራም አይኑር፤ ትንሽ ሃይድሮጅን መውጣቱ አይቀርም።

ስንት ለበጥን?

ፋራዴይ በ1830ዎቹ ያገኘው ሕግ እዚህ ጋ በጣም ይጠቅማል። አንድ አምፒር ለአንድ ሰዓት ሲፈስ 1.22 ግራም ዚንክ ይለጠፋል። 250 ሚሊ አምፒር በአንድ ሰዓት 0.30 ግራም ይሰጣል፤ በኛ ሳህን ላይ ወደ 17 ማይክሮን ውፍረት ነው። ዚንክ በግራም እስከ 820 ሚሊ አምፒር ሰዓት ስለሚይዝ 0.30 ግራሙ መልሶ 250 ሚሊ አምፒር ሰዓት ገደማ ነው። የከተታችሁትን ያህል ነው የምታወጡት ማለት ነው፣ ትንሽ ብክነት ሲቀነስ። ይህን ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ሳህኑን ቀለም ከቀባችሁት በኋላ አንዴ፣ ከተለበጠና ከደረቀ በኋላ ሌላ ጊዜ አስመዝኑት። ሚዛኑ ከግራም በታች የሚያነብ መሆን አለበት፤ የወርቅ ቤት ሚዛን ለዚህ ተስማሚ ነው። ልዩነቱ ከ0.30 በጣም ካነሰ ከረንቱ ዚንክ በመለጠፍ ፈንታ ሃይድሮጅን ሲያወጣ ውሏል።

መያዙን ለማየት ፕላስተር ለጥፋችሁ በኃይል ላጡት። ግራጫ ነገር ይዞ ከመጣ ወደ ጽዳቱ ተመለሱ።

ባትሪ ሆኖ ይሠራል?

ያልተቀባና ያልተወለወለ ትንሽ የሸክላ ዕቃ ውስጥ የዚንክ ሰልፌት ፈሳሹን አድርጉና የለበጣችሁትን ሳህን አቁሙበት። ሸክላውን ሰፋ ያለ ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጡና ዙሪያውን በውሃ የተበጠበጠ መዳብ ሰልፌት ሙሉ፤ ለአትክልት በሽታ የሚረጨው ሰማያዊው ጨው ነው። እዚያ ራቁት መዳብ ክተቱ። ሸክላው እስኪርስ ጠብቁ። ቴስተሩ 1.1 ቮልት አካባቢ ያነባል። ዳንኤል በ1836 የሠራው ባትሪ ይኸው ነው። ሁለት ስትቀጥሉ 2.2 ቮልት ስለሚሆን ቀይ ኤልኢዲ ያበራል። ከጨረሳችሁ በኋላ ግን ተገጣጥሞ አይደር፤ መዳቡ በሸክላው ሰርጎ ዚንኩን ያጠቁረዋል።

ፋብሪካ ግን ሌላ ነው

የሊቲየም ባትሪ ውስጥ ያለው ስስ የመዳብ ፎይል የሚሠራው በሚዞር የቲታኒየም ከበሮ ላይ በመለበጥ ነው፤ ከ10 ማይክሮን በታች የሚወርድም አለ። የአልካላይን ባትሪ ጥቁር ዱቄት፣ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይዱ፣ ከትኩስ የአሲድ መፍትሔ ውስጥ በፖዘቲቩ በኩል እየተለጠፈ ነው የሚመረተው። በ2017 ደግሞ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ዜሪዮን የተባለው ኩባንያ የሊቲየም ባትሪን የካቶድ፣ ማለትም የፖዘቲቩን ኤሌክትሮድ፣ ማዕድን 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከሞቀ ቅልጥ ውስጥ በቀጥታ አልሙኒየም ፎይል ላይ ለብጠው አሳይተዋል።

መከላከሉም በልባጥ ነው። የአልካላይን ባትሪ የብረት ገላ ፖታሹ እንዳይበላው ኒኬል ይለበጣል። መሃል ያለው የናስ ችንካር ብዙ ጊዜ ቆርቆሮ (ቲን የሚባለው ብረት) ይለበጣል፤ ቆርቆሮ ላይ ሃይድሮጅን በቀላሉ ስለማይወጣ ባትሪው አያብጥም፣ አያፈስም።

ኒኬሉን ቤት ውስጥ እንሞክር የምትሉ ካላችሁ፣ እባካችሁ ተዉት። የኒኬል ጨው ቆዳ ያስቆጣል፣ ካንሰርም ያመጣል። ክሮሜትና ሳያናይድማ ስማቸውም ቤት ውስጥ አይነሳ፤ ሳያናይድ አሲድ ከነካው የሚወጣው ጋዝ ይገድላል።

ማስቀመጥና ማስወገድ

የተለበጠውን ሳህን በተጣራ ውሃ አለቅልቁ፣ በንጹሕ ጨርቅ ወዲያው አድርቁና በደረቅ ፌስታል አሽጉት። እርጥብ ከቀረ ነጭ ዝገት ይወጣበታል። ፈሳሹ አይጣልም፤ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ ስሙንና ቀኑን ጽፋችሁ ልጅ የማይደርስበት ቦታ አኑሩት፣ ደጋግሞ ይሠራል።

የሚጣል ሲኖር፣ የማለቅለቂያውን ውሃና መዳብ ሰልፌቱን ጨምሮ፣ ደቻቱ ወንዝም ሆነ ቦይ ውስጥ አትድፉ። መዳብና ዚንክ ውሃ ውስጥ ያለውን ሕይወት ይጎዳሉ። ባልዲ ውስጥ አድርጉና ቤኪንግ ሶዳ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ ጨምሩ፤ ይፈላል፣ ስለዚህ ባልዲው አይሙላ። መፍላቱ ሲያቆምና ዝቃጩ ሲቀመጥ በጨርቅ አጥልሉት። ዝቃጩን አድርቃችሁ ከጥቁሩ የድንጋይ ዱቄት ጋር በተከደነ ዕቃ አስቀምጡት።