ሌክቸሩ በስልክ ይሰማል፣ በማጫወቻው ግን ዝም ይላል

እህቴ የማታ ተማሪ ናት። ክፍል ውስጥ መምህሩን በስልኳ ትቀዳለች፤ የቀረችበትን ቀን ደግሞ ጓደኞቿ በቴሌግራም ይልኩላታል። ስልኳ ላይ ላዳምጥ ስትል ግን ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ቲክቶክ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ ትንሽ ኤምፒ3 ማጫወቻ ተገዛላት፤ ያቺ ሜሞሪ ካርድ የምትጎርሰው፣ የክብሪት ቀፎ የምታክለው። ኢንተርኔት የላት፣ መልእክት አይገባባት። ለጥናት የተፈጠረች ነበረች፣ ብታጫውት ኖሮ።

የእህቴን ማጫወቻ ካስተካከልኩ ወዲህ የሰፈሩ ተማሪ «ተበላሸብኝ» እያለ የራሱን ይዞ ይመጣል። ከመጡት አብዛኞቹ ግን ምንም አልሆኑም። ችግሩ ፋይሉ፣ ካርዱ ወይም ኢርፎኑ ነው።

ካርዱ ሙሉ ነው፣ ማጫወቻው «ፋይል የለም» ይላል

የፋይሉን ስም መጨረሻ እዩ። የቴሌግራም የድምፅ መልእክት ኦፐስ በሚባል አጨማመቅ ተሠርቶ በኦጂጂ ፋይል ነው የሚቀመጠው። አይፎንና ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች የሚቀዱት በኤም4ኤ ነው። ርካሽ ማጫወቻ ደግሞ በአብዛኛው የሚያውቀው ኤምፒ3ንና ዌቭን ነው። ሌላውን እንደሌለ ይቆጥረዋል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሠራት ስህተት አለች፤ እኔም ሠርቻታለሁ። የስሙን መጨረሻ አጥፍቶ «ኤምፒ3» ብሎ መጻፍ። የዘይት ጀሪካን ላይ «ማር» ብሎ እንደመጻፍ ነው። አሁን ፋይሉ ይታያል፣ ስትከፍቱት ግን ወይ ይዘለዋል ወይ ማጫወቻው ድርቅ ይላል።

በእውነት መቀየር አለበት። ኮምፒውተር ላይ ቪኤልሲ የሚባለው የድምፅና የቪዲዮ ማጫወቻ ካለ ሌላ ፕሮግራም አትፈልጉ። «ሚዲያ» ውስጥ ገብታችሁ «ኮንቨርት» የሚለውን ክፈቱ፣ ፋይሉን ጨምሩ፣ ከፕሮፋይሎቹ ኤምፒ3ን ምረጡ፣ የት እንደሚቀመጥ ንገሩትና አስጀምሩ። ከፕሮፋይሉ ጎን ያለችውን የመፍቻ ምልክት ብትነኩ ጥራቱን መወሰን ይቻላል። ለሰው ድምፅ 64 ኪሎቢት በሰከንድ፣ በአንድ ቻናል፣ ይበቃል። የአንድ ሰዓት ትምህርት 29 ሜጋባይት ገደማ ይወጣዋል። ያው ትምህርት በሲዲ ጥራት በዌቭ ቢቀመጥ ከ600 ሜጋባይት በላይ ይበላ ነበር። ሳምፕል ሬቱን፣ ማለትም ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ የሚናገረውን ቁጥር፣ 44100 ላይ ተዉት። ከዚያ ሲያንስ መምህሩን እንደ ጫጩት የሚያስጮህ ማጫወቻ አለ።

ካርዱን ጭራሽ አያየውም

ካርዱ 64 ጊጋ ነው? ከ32 ጊጋ በላይ የሆኑ ካርዶች ከፋብሪካ ሲወጡ ኤክስፋት በሚባል የፋይል አቀማመጥ ተዘጋጅተው ነው፤ ትንንሾቹ ማጫወቻዎች የሚያነቡት ግን ፋት32 የሚባለውን የቆየ አቀማመጥ ነው። 32 ወይም 16 ጊጋ ካርድ ግዙና ፋት32 አድርጋችሁ ፎርማት አድርጉት። ፎርማት ሁሉንም ያጠፋል፤ ያለውን አስቀድማችሁ ኮፒ አድርጉ። በጣም በርካሽ የተገዛ ካርድ ከሆነ ደግሞ ላዩ ላይ 64 ተጽፎ ውስጡ 8 ሊሆን ይችላል። ምልክቱ የመጀመሪያዎቹ ፋይሎች ተጫውተው የኋለኞቹ አልከፈት ማለታቸው ነው። ለእሱ መድኃኒት የለውም፣ ጣሉት።

ትምህርት ሦስት ከትምህርት አንድ ይቀድማል

ብዙዎቹ ማጫወቻዎች ስም አያዩም፤ የሚደረድሩት ፋይሎቹ ካርዱ ላይ በተጻፉበት ቅደም ተከተል ነው። ባዶ ፎልደር ክፈቱ፣ ፋይሎቹን 01፣ 02 እያላችሁ ሰይሙ፣ ከዚያ በተራቸው አንድ በአንድ ኮፒ አድርጉ። ሁሉንም መርጦ አንዴ መጎተት ተራውን ያዛባል። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። በአማርኛ የተጻፈ ስም ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታየ ደግሞ በቁጥር ብቻ ሰይሙት።

ሙዚቃው አለ፣ መምህሩ የለም

ይህቺን በጣም ነው የምወዳት። አንድ ልጅ መጥቶ «መምህሩ ጉድጓድ ገብቶ ነው የሚያወራው» አለኝ። አዳመጥኩት። መግቢያው ላይ ያለው ሙዚቃ ደህና ይሰማል፤ ማብራሪያው ሲጀምር ሰውየው ይጠፋል። ሦስት ጊዜ ፋይሉን ቀይሮ አምጥቷል። ፋይሉ ግን ምንም አልነበረውም።

የኢርፎኑን ጫፍ አየሁት። ሦስት ጥቁር ቀለበት አለው፤ ማይክ ያለው የስልክ ኢርፎን ነው። የድሮ ማጫወቻ የሚፈልገው ባለ ሁለት ቀለበቱን ነው። ባለ ሦስቱ ሲገባ አንዳንዴ የግራና የቀኝ የጋራ መመለሻ የሆነው መስመር ሳይነካ ይቀራል። ያኔ ጆሮ የሚደርሰው በግራና በቀኝ መካከል ያለው ልዩነት ብቻ ነው። የመምህሩ ድምፅ ደግሞ በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ስለሆነ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሙዚቃው በሁለቱ ጆሮ ስለሚለያይ ይተርፋል።

መሞከሪያው ቀላል ነው። ገመዱ ላይ ያለችውን የማይክ ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙ። መምህሩ ከጉድጓዱ ከወጣ ጥፋቱ የኢርፎኑ ነው። ማይክ የሌለው ኢርፎን ግዙ። እስከዚያው ብረቱን ትንሽ ሳብ አድርጎ ማቆም ይሠራል፣ ታክሲ ውስጥ ግን ይንሸራተታል።

ድምፁ አይሰማም፣ ከመጀመሪያ ይጀምራል

ከኋላ ወንበር የተቀዳ ከሆነ ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት። መጀመሪያ ጩኸቱንና ዝግ ያለውን ድምፅ የሚያቀራርበውን ኮምፕረሰር፣ ቀጥሎ ሁሉንም ከፍ የሚያደርገውን አምፕሊፋይ ተጠቀሙ። ተራውን ካገላበጣችሁት አንድ የበር ጓ ማለት ብቻ ሌላውን ከፍ እንዳይል ይይዘዋል። ሲጠፋ ያቆመበትን የማያስታውስ ማጫወቻ ከሆነ እዚያው ኦዳሲቲ ላይ ትምህርቱን በ15 በ15 ደቂቃ ቆራርጡት።

እህቴ ባለፈው ሳምንት እንደገና መጣች። ስክሪኑ በርቷል፣ ምንም ቁልፍ ግን አይሠራም። ካርዱን አወጣሁ፣ ፋይሎቹን አየሁ፣ ቻርጅ አደረግኩት። ሩብ ሰዓት ከደከምኩ በኋላ ጎኑ ላይ አንዲት ትንሽ ማንሸራተቻ አየሁ፤ ቦርሳ ውስጥ ቁልፎቹ በስህተት እንዳይነኩ የምትቆልፈው ናት። በጥፍሬ ወደ ኋላ መለስኳት። መምህሩ ካቆመበት ቀጠለ።