ከጀሪካን የሚጀመር ስፖርት፦ ሴቶች በቤታቸው ጡንቻ የሚያጠነክሩበት መንገድ

የስፖርት ዕቃ ሱቅ ገብተሽ ብረት ከመግዛትሽ በፊት ኩሽናሽን እዪ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት የልደታ ወይም የአራት ኪሎ ኮንዶሚኒየም ቤት ጀሪካን አያጣም። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን፣ ባለ 20 ሊትሩ እንደፈለግሽ የሚከብድና የሚቀል ክብደት ነው። ለስፖርት ብቻ የሚሆን አንድ ለዪ፤ አለዚያ ውሃ በጠፋ ቀን ክብደትሽ ወጥ ይሠራበታል።

በአንድ ሊትር ሃይላንድ እየለካሽ 8 ሊትር ጨምሪበት። ክዳኑ ሥር ፌስታል አድርገሽ አጥብቂው፤ ካፈሰሰ ሴራሚኩ ያንሸራትታል። እጀታው መዳፍ ስለሚቆርጥ ጨርቅ ጠቅልዪበት። ያልሞላ ጀሪካን ውስጡ ይዋልላል፤ ይህ ከረበሸሽ ደረቅ አሸዋ ይሻላል፤ ግን የአሸዋ ሊትር ወደ 1.6 ኪሎ ይጠጋል።

ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ይበቃል። አምስት ደቂቃ ሰውነትሽን አሟሙቂ።

ብዙ ጊዜ ልትሰጪው የሚገባው ዴድሊፍት፣ ማለትም ክብደት ከመሬት ማንሳት ነው፤ ሕፃንም ሆነ ውሃ ከመሬት የምታነሺው በዚሁ እንቅስቃሴ ነውና። ጀሪካኑን በሁለቱ እግሮችሽ መሃል አስቀምጪ። ጉልበትሽን ትንሽ ብቻ አጥፈሽ፣ እጅሽ ዕቃ ይዞ በር በመቀመጫሽ የምትዘጊ ይመስል ዳሌሽን ወደኋላ ግፊ። እጀታውን ያዢ፣ አየር ሳቢ፣ ሆድሽን አጠንክሪና ቀጥ ብለሽ ተነሺ። መወጠር ያለበት የጭንሽ ጀርባ ነው። ወገብሽን ከተሰማሽ ወይ ጀሪካኑ ከእግርሽ ርቋል፣ ወይ ጀርባሽ ጎብጧል። ለመፈተን ጀሪካኑን ሳትይዢ የመጥረጊያ እንጨት በቁመቱ ጀርባሽ ላይ አድርገሽ አጎንብሺ፤ እንጨቱ ራስሽን፣ የትከሻሽን መሃልና የጅራት አጥንትሽን መንካት አለበት። አንዱን ከለቀቀ ገና ነሽ፤ ክብደት አትያዢ።

ለስኳት (ቁጭ ብድግ) ጀሪካኑን ደረትሽ ላይ አቅፈሽ አልጋ ጠርዝ እስክትነኪ ውረጂ። የፕላስቲክ ወንበር ይሸሻልና አይሁን። ጉልበትሽ ወደ ውስጥ እንዳይገባ፣ ተረከዝሽ እንዳይነሳ ተጠንቀቂ። ፑሽ አፕ መጀመሪያ ግድግዳ ላይ፣ ቀጥሎ ግድግዳ የተደገፈ ሶፋ ጠርዝ ላይ፣ በመጨረሻ መሬት ላይ ነው። ለጀርባ፣ በአንድ እጅሽ አልጋውን ተደግፈሽ በሌላው ጀሪካኑን ወደ ጎንሽ ሳቢ፤ 8 ሊትር ከከበደሽ በ4 ጀምሪ። ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት) 20 ሰከንድ ሦስቴ።

ከፕላንክ በቀር ሁሉንም 3 ዙር፣ በየዙሩ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ሥሪ፤ በመሃል ሁለት ደቂቃ ዕረፊ። እያንዳንዱን ዙር ገና ሁለት ጊዜ ያህል መጨመር እንደምትችዪ እየተሰማሽ አቁሚ። በሦስቱም ዙር 12 ከደረስሽ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሊትር፣ ለጀርባው ግማሽ ሊትር ጨምሪ። ሁሉንም ደብተር ላይ ጻፊ። ብዙዎች ለውጥ የሚያጡት በየሳምንቱ አዲስ ቪዲዮ ሲከተሉ ነው፤ ያለፈውን ክብደት ሳያውቁ ምኑን ይጨምራሉ? ከታች ጎረቤት ካለሽ ጀሪካኑን የተጣጠፈ ምንጣፍ ላይ አሳርፊ።

ወንድ እመስላለሁ የሚለው ስጋት ይቅር፤ የሴት ቴስቶስትሮን ከወንድ ከአሥር እጥፍ በላይ ያነሰ ነው። የሚያስቸግረው ምግቡ ነው። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት ጡንቻ ለመገንባት በቀን ከ72 እስከ 96 ግራም ፕሮቲን ይመከርላታል። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ገደማ አለው፤ በጾም ምስሩንና ሽሮውን ወፈር አድርጊ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ በልተሽ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተሽ ሥሪ፤ ውሃ ሳይጠጡ ክብደት ማንሳት ራስ ያዞራል።

በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ጡንቻ መዛሉ ያለ ነው። መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ ሕመም ግን ማቆሚያ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም በቅርቡ በኦፕሬሽን ከወለድሽ ሐኪምሽን ሳትጠይቂ አትጀምሪ።

20 ሊትሩ ሞልቶ 12 ጊዜ ከቀለለሽ ስኳቱን በአንድ እግር ሞክሪው፤ ዴድሊፍቱ ግን ሁለተኛ ጀሪካን ይፈልጋል። መርካቶ ወርደሽ ብረት መግዛት የሚያዋጣው ያኔ ነው።