አዲስ ላፕቶፕ በራሱ እየጠፋ ካስቸገራችሁ፣ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት ራሙን እዩት

አዲስ ላፕቶፕ ገዝታችሁ በሳምንቱ ሰማያዊ ስክሪን እያመጣ የሚጠፋ ከሆነ፣ እባካችሁ ቶሎ ብላችሁ ፎርማት አታስደርጉት። እኔ ሁለት ጊዜ አስደርጌው ምንም አልተለወጠም። ችግሩ ራሙ ነበር፣ ማለትም ላፕቶፑ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ። ስገዛው 8 ጊጋ ነበር፣ ሻጩ እዚያው ከፍቶ ሌላ 8 ጨመረልኝ፣ ሲያስቸግረኝ የከረመውም ያ የተጨመረው ነው።

መጀመሪያ ሰማያዊው ስክሪን ሲመጣ የሚጻፈውን የስህተት ስም በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። በየጊዜው የተለያየ ስም ካመጣ ራሙን ጠርጥሩ። ሁሌም አንድ አይነት ከሆነና የሆነ ፋይል ስም ከጠቀሰ ግን ብዙ ጊዜ ድራይቨር (ዊንዶውስ የላፕቶፑን ክፍሎች የሚያዝበት ፕሮግራም) ነው፣ ከአምራቹ ድረ ገጽ አዲሱን አውርዳችሁ ጫኑበት።

ራም ለመፈተሽ የሚገዛ ፕሮግራም አያስፈልግም። ስታርት ላይ ሜሞሪ ብላችሁ በእንግሊዝኛ ስትጽፉ ዊንዶውስ ሜሞሪ ዲያግኖስቲክ ይመጣላችኋል፣ ሪስታርት አድርጎ ራሱ ይፈትሻል፤ ስለዚህ የጀመራችሁትን ሥራ ቀድማችሁ ሴቭ አድርጉ። ስህተት አላገኘሁም ካለ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አትመኑት፣ የእኔንም አላገኘውም ነበር። ሁለት ራም ካለው አንዱን አስወጥታችሁ በቀረው ብቻ ሁለት ሦስት ቀን ሥሩበት፣ ከዚያ አቀያይሩ። እኔ ያወቅኩት እንደዚህ ነው።

ዋስትና ካለው ግን ራሳችሁ አትክፈቱት። ፎቶዎቹንና ደረሰኙን ይዛችሁ ወደ ገዛችሁበት ሂዱ፣ የሱቅ ዋስትና አጭር ሊሆን ስለሚችል ዛሬ ነገ አትበሉ።