ኩባያው ጭጭ ሲል፦ ቤት የተሠራ ስፒከር ችግርና መፍትሄ

የወረቀት ኩባያ፣ የመዳብ ሽቦ ጥቅልና ማግኔት። ቤት የሚሠራ ስፒከር ከዚህ ብዙም አያልፍም። ጥቅሉ ከኩባያው መቀመጫ ላይ ይለጠፋል። ማግኔቱ ካርቶን ላይ ተጣብቆ ከጥቅሉ ሥር ይሆናል። የሽቦው ሁለት ጫፎች ዘፈን ከሚከፍተው ስልክ ወይም ከአምፕሊፋየር (ከድምፅ ማጉያ) ጋር ይያያዛሉ። ማግኔቱን ደብረ ብርሃንም ሆነ መሐል ሜዳ ሬዲዮ ጠጋኞች ዘንድ ጠይቁ፤ ከተቃጠለ ስፒከር የወጣ ይበቃል። ጣጣው የሚመጣው ሁሉ ተገጥሞ ኩባያው ጭጭ ሲል ነው።

ያኔ ሽቦውን ከመፍታታችሁ በፊት አንድ የ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ፈልጉ። አንዱን የሽቦ ጫፍ ከባትሪው ሥር ያዙ፣ ሌላውን ከላይ ነካ ለቀቅ አድርጉ። ኩባያው "ጧ" ካለ ጥቅሉም ማግኔቱም ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ ከስልኩ ወይም ከአምፕሊፋየሩ ወገን ነው። ዝም ካለ ጥፋቱ እዚሁ እጃችሁ ላይ ነው። ነክቶ መልቀቅ ብቻ ነው፤ ከቆያችሁ ሽቦው ይሞቃል። ግድግዳ ሶኬት ላይ ግን በጨዋታም አይሞከርም፣ 220 ቮልት ነው።

እግረ መንገዳችሁን የሽቦውን ጫፎች አቀያይሩና በጣታችሁ ኩባያውን ዳብሱት። ቅድም ወደ ላይ ገፍቶ ከሆነ አሁን ወደ ታች ይስባል። የዴንማርኩ የፊዚክስ ሊቅ ኦርስቴድ እ.ኤ.አ. በ1820 ኤሌክትሪክ ያለው ሽቦ የኮምፓስ መርፌ እንደሚያዞር ያየው ይህንኑ ኃይል ነው። ዘፈን ሲመጣ የኤሌክትሪኩ አቅጣጫ በሰከንድ መቶም ሺህም ጊዜ ይገለባበጣል፤ ኩባያውም አብሮ ይርገበገባል።

በባትሪም ዝም ካለ

መጀመሪያ የሽቦውን ጫፎች ተጠራጠሩ። የጥቅል ሽቦ ራቁቱን መዳብ ይመስላል እንጂ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ቫርኒሽ ለብሷል። ሁለቱንም ጫፎች 2 ሴንቲ ሜትር ያህል በብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን ፈግፍጉ፣ ቡናማው ለቆ መዳቡ ፍም እስኪመስል። ብዙ ልጆች አንድ ጎኑን ብቻ ፍቀው ይተዉታል።

ተፍቆም ካልሠራ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያው) ኦሙን፣ ማለትም ሽቦው ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቋቋም፣ ለኩ። 0.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ፣ 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ነገር ላይ 100 ዙር ሲጠቀለል 8 ሜትር ገደማ ይወስዳል፤ ከ4 ኦም ትንሽ ከፍ ይላል። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ሽቦው ተቆርጧል፣ አብዛኛውን ጊዜም ከጥቅሉ በሚወጣበት ቦታ። ቀጥሉትና እዚያው በናስትሮ ያዙት። በጣም ዝቅ ብሎ ካነበበ ዙሮቹ እርስ በርስ ተነካክተዋል ማለት ነው። ከተቃጠለ ሞተር የተፈታ ሽቦ እንዲህ ያደርጋል፤ ቫርኒሹ አሯል። በሌላ ሽቦ ጠቅልሉ።

ሙዚቃው አለ፣ ዘፋኙ የለም

ይህን እኔ በጣም እወደዋለሁ። መሣሪያው በስሱ ይሰማል፣ ሰውየው ግን ጠፍቷል። የኢርፎን ጃክ (ስልኩ ላይ የሚሰካው) 3 ክፍል ካለው ጫፉ የግራ ድምፅ፣ መሐሉ የቀኝ፣ ሥሩ የሁለቱም የጋራ ነው። እናንተ ግራና ቀኙን ይዛችሁ የጋራውን ትታችኋል። የዘፋኙ ድምፅ በሁለቱም በኩል እኩል ስለሚቀዳ እርስ በርስ ይሰራረዛል፤ የሚተርፈው ልዩነታቸው ብቻ ነው። አንዱን ሽቦ ወደ ጋራው አዙሩ። ከተቆረጠ ኢርፎን ከሆነ የጋራው ብዙ ጊዜ የመዳብ መልክ ያለው ክር ነው። እነዚያ ቀጫጭን ክሮችም ቫርኒሽ አላቸው፤ በላይተር ለብለብ አድርጋችሁ ፋቋቸው።

ድምፁ የትንኝ ያህል ነው

ስልክ ለብቻው ኩባያ አይነዳም። ለኢርፎን የተሠራ ጉልበት ነው ያለው። በ5 ቮልት የሚሠራ ትንሽ አምፕሊፋየር አስገቡ። ከዚያ ዘፈኑን ክፈቱና ማግኔቱን ከጥቅሉ ሥር በቀስታ ወዲያ ወዲህ አድርጉ፤ ድምፁ ከፍ ያለበት ቦታ ላይ ለጥፉት። ክፍተቱ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ይሁን። ባስ ግን አትጠብቁ።

ይንኮሻኮሻል

ጥቅሉ ማግኔቱን እየነካ ነው፣ ወይም የላላ ሽቦ ወረቀቱን ይመታል። ኩባያውን በጣት ጫን አድርጉ፤ ሲጫን ከተወ ሙጫው ለቋል። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ነጭ ሙጫ በብርዱ ቶሎ አይደርቅም፤ ለጥፋችሁ አሳድሩት። ጣርማበር ጭጋግ ውስጥ ደግሞ ወረቀቱ ራሱ ይልፈሰፈሳል፤ እዚያ ስስ የፕላስቲክ ኩባያ ይሻላል። ሞቃቱ ሸዋ ሮቢት ያላችሁ በዚህ በኩል አትቸገሩም።

አምፕሊፋየሩ ይሞቃል፣ ይቆራረጣል

የጥቅሉ ኦም አንሷል። ብዙዎቹ ትንንሽ አምፕሊፋየሮች 4 ወይም 8 ኦም ነው የሚፈልጉት። ዙር ጨምሩ፣ ወይም ቀጠን ያለ ሽቦ ተጠቀሙ።