አሮጌ የካብ አውሮፕላን ማደስ ካማራችሁ፣ ከአውሮፕላኑ በፊት ሰዎቹን ፈልጉ

ቢጫ ቀለም፣ ጎኗ ላይ እንደ መብረቅ የተሰበረ ጥቁር መስመር፣ ጭራዋን መሬት ላይ ዘርግታ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ያቀናች ሁለት ሰው የምትይዝ አውሮፕላን። አሜሪካ የምትኖሩ በየትናንሾቹ ኤርፖርቶች አይታችኋት ይሆናል። ፓይፐር ጄ-3 ካብ ትባላለች። እስከ 1947 እ.ኤ.አ. ድረስ 20 ሺህ ገደማ ተሠርታለች፤ አብዛኞቹ የወጡት ፔንሲልቬንያ ካለችው ሎክ ሄቨን ከተማ ነው። እኔና ሁለት ጓደኞቼ አንዷን ለሦስት ገዝተን አድሰናል። ከዚያ ወዲህ «እንዴት ጀመራችሁ?» የሚለኝ ስለበዛ ይኸው ልጻፈው።

የኛን ስህተት አትድገሙ። እኛ መጀመሪያ የገዛነው አውሮፕላኑን ነው። የካብ አካል የብረት ቱቦ ነው፣ ከላዩ ጨርቅ ይለብሳል። ሻጩ «ጨርቋ አዲስ ነው» አለን፣ እኛም ቀለሙን አይተን ደስ አለን። ጨርቁ እውነትም አዲስ ነበር፤ ከሥሩ የነበረው ዝገት ግን አሮጌ ነው። ቀድመን ከባለቤቶቹ ማኅበር አንድ ሽማግሌ ይዘን ብንሄድ ኖሮ ዝገቱን ለማግኘት አሥር ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ሰዎቹን። ካብ ክለብ የሚባል የባለቤቶች ማኅበር አለ። ከዚያ ሰፋ ያለው ደግሞ በ1953 እ.ኤ.አ. ዊስኮንሲን ውስጥ የተመሠረተው ኢኤኤ የሚባል የአውሮፕላን ወዳጆች ማኅበር ነው፤ በየአካባቢው ቅርንጫፍ አለው፣ ለአሮጌ አውሮፕላኖች ብቻ የቆመ ክፍልም አለው። አባል ሁኑና በአካል ሂዱ። ስትሄዱ ግን ጥያቄ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፣ እጃችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። ሃንጋር (የአውሮፕላን ማቆያ ቤት) ጥረጉ፣ ሰው ጨርቅ ሲወጥር ጫፉን ያዙለት። ነገሩ ደቦ ነው፤ ዛሬ የሰው ክንፍ ላይ ያልዋለ ሰው ነገ የራሱ ክንፍ ላይ ብቻውን ነው የሚውለው። ከዚያ ቡና ላይ ቁጭ ስትሉ የትኛው ገበሬ ጎተራ ውስጥ የማን ካብ አቧራ ለብሳ እንደተቀመጠች ይነግሯችኋል። እንዲህ ያለ ወሬ ማስታወቂያ ላይ አይወጣም።

ሁለተኛው ሰው መካኒክ ነው። ላይሰንስ ያለው መካኒክ እየተቆጣጠራችሁ ብዙውን ሥራ በገዛ እጃችሁ መሥራት ትችላላችሁ፣ ሕጉ ይፈቅዳል። ከባድ ጥገናውን ግን ተጨማሪ የኢንስፔክተር ሥልጣን ያለው መካኒክ አይቶ መፈረም አለበት። ይህን ሰው ከመጀመሪያው ቀን ያዙት፤ ጨርቅ አልብሳችሁ ስታበቁ «ና ፈርምልን» ብትሉት ያላየሁትን አልፈርምም ይላችኋል፣ ልክም ነው።

ልትገዙ ስትሄዱ ሎግቡኮቹን፣ ማለትም የበረራና የጥገና መዝገቦቹን፣ ጠይቁ። ኦክላሆማ ሲቲ ካለው የአቪዬሽን መዝገብ ቤትም የአውሮፕላኑን ፋይል በትንሽ ክፍያ ማዘዝ ይቻላል፤ የድሮ አደጋና የተደበቀ ጥገና ብዙ ጊዜ እዚያ ወረቀት ላይ ይገኛል። ከዚያ ክንፉን ከታች የሚደግፉትን ስትረቶች እዩ። ውሃ ውስጣቸው እየተጠራቀመ ከውስጥ ስለሚዝጉ፣ በየጊዜው እንዲመረመሩ የአሜሪካ አቪዬሽን መሥሪያ ቤት የግዴታ መመሪያ አውጥቶባቸዋል፤ ከውጭ ሲታዩ ግን ምንም አይመስሉም። አንዳንድ ካቦች የክንፋቸው ዋና ተሸካሚ እንጨት ነው፤ እሱ ላይ የምትፈልጉት የእንጨቱን መስመር አቋርጦ የሚሄድ ቀጭን ስንጥቅ ነው። በመጨረሻ ጭራው ጋ በርከክ በሉ። ውሃ ወደ ታች ስለሚወርድ የታችኛው ቱቦ ቀድሞ የሚበላው እዚያ ነው። መካኒካችን ቱቦውን የወጋው በሹል ነገር ነው፤ እናቴ ሰፌድ የምትሰፋበትን ወስፌ አስታወሰኝ። ጤነኛ ቱቦ እምቢ ይላል፤ የኛው እንደ ዳቦ ገባለት።

ስትፈቱ አትቸኩሉ። ሁሉንም ፎቶ አንሱ፣ ብሎኑን በየከረጢቱ አድርጋችሁ ጻፉበት። የተሰበረና የበሰበሰ ዕቃም ቢሆን አትጣሉ፣ ለአዲሱ መለኪያ የሚሆነው እሱ ነው። ካብ ለዚህ ጥሩ ናት፤ ኮሎራዶ ያለው ዩኒቬር የሚባል የመለዋወጫ ኩባንያ ብዙ ክፍሎቿን ዛሬም ይሠራል። የተበላሸውን ቱቦ ቆርጦ አዲስ መበየድ የለማጅ ሥራ አይደለም፣ እሱን ለባለሙያ ስጡ።

ጨርቁ ግን የናንተ ይሁን፣ ደስታው እዚያ ነው። ድሮ ጥጥ ነበር፣ አሁን ፖሊስተር ነው። በልዩ ማጣበቂያ ከለጠፋችሁ በኋላ በካውያ ታሞቁታላችሁ፣ እሱም እየተኮማተረ እንደ ከበሮ ይወጠራል። የካውያውን ቁጥር አትመኑ፣ በቴርሞሜትር ለኩት። እኛ የተጠቀምንበት ዓይነት መጀመሪያ በ250፣ በመጨረሻ በ350 ዲግሪ ፋራናይት ነው፤ ከልክ በላይ ካሞቃችሁት መልሶ ይላላል። ከዚያ ክንፉን በጠርዙ አቁማችሁ፣ አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ ወገን ቆሞ ረጅም መርፌ እየተቀባበላችሁ ጨርቁን ከክንፉ አጥንቶች ጋር ትሰፉታላችሁ። ሰዓታት ይፈጃል። እኛ የሦስታችንንም የልጅነት ታሪክ የጨረስነው እዚያ ነው። ከቢጫው በፊት አሉሚኒየም ያለበትን ብርማ ቀለም ቀቡ፣ ፀሐይ ጨርቁን እንዳትበላው የሚከላከለው እሱ ነው። የአንዱን ኩባንያ ማጣበቂያ ከሌላው ቀለም ጋር ግን አትቀላቅሉ፤ ፈቃዱ የተሰጠው ለጠቅላላው አሠራር ነው።

ስለ ፀሐይ ካነሳን፣ በ1935 እ.ኤ.አ. አገራችን ውስጥ የተሠራችው ትንሿ አውሮፕላን «ፀሐይ» በጥር 2024 ከጣሊያን ስትመለስ፣ የኔ ዓይን የሄደው ክንፏ ላይ ነበር። ይህ በሽታ ከያዛችሁ አይለቅም።

ሞተሩ ቀላል ነው፣ 65 የፈረስ ጉልበት ኮንቲኔንታል። ችግሩ ማስነሻ የለውም፤ ፕሮፔለሩን በእጅ ነው የምታዞሩት። ጎማው ይታገድ፣ ጭራው ይታሰር፣ ውስጥ የሚያውቅ ሰው ይቀመጥ። ለሞተሩ የእሳት ብልጭታ የሚሰጠው ማግኔቶ ጠፍቷል ቢሏችሁም እንደበራ ቁጠሩት። ይህንን ከጽሑፍ አትማሩ፣ ያ የማኅበሩ ሽማግሌ አጠገባችሁ ቆሞ ያሳያችሁ።

የነዳጅ መለኪያዋ ደግሞ ቡሽ ላይ የተተከለ ሽቦ ነው፤ ከፊታችሁ በታንኩ ክዳን በኩል ብቅ ብሎ ይታያል፣ ነዳጁ ሲቀንስ አብሮ ይወርዳል። ቡሹ የድሮ ሼላክ ቀለም ካለው አልኮል የተቀላቀለበት ቤንዚን አታስገቡ። ቀለሙ ሟሙቶ ቡሹ ነዳጅ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ታንኩ ሙሉ ሆኖ ሽቦው ባዶ ነው ይላችኋል። የለቀቀው ቀለም ደግሞ ወደ ማጣሪያው ይወርዳል፣ ሞተሩ የሚንተፋተፈው ያኔ ነው። ከመጀመሪያው በረራ በፊት ክዳኑን ክፈቱና ቡሹን በጣታችሁ ዳስሱት።