የቪዲዮ የበር ደወል የአምስት ዓመት ወጪ፦ ከመግዛትዎ በፊት እንዴት ማስላት፣ ከገዙ በኋላ እንዴት ማቆየት እንደሚቻል

የቪዲዮ የበር ደወል ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ምስሉ ጥራት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መሣሪያውን ከግድግዳ የሚያስወርደው ግን አብዛኛውን ጊዜ ካሜራው አይደለም። ሌንሱ ደህና ሆኖ ሳለ ባትሪው ይደክማል፤ ኃይል የሚሰጠው አሮጌ ትራንስፎርመር አቅም ያንሰዋል፤ ዋይፋዩ ይቆራረጣል፤ ወይም አምራቹ ለዚያ ሞዴል የሚሰጠውን አገልግሎት ያቋርጣል። ተራ የኤሌክትሪክ ደወል አንዴ ከተገጠመ ማንም ሳያስታውሰው ለብዙ ዓመታት ይጮኻል። ባለ ካሜራው ግን ፀሐይና ዝናብ የሚፈራረቁበት ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ ወጪውም አያያዙም በዚያው ልክ ሊታሰብ ይገባል።

1. የአምስት ዓመቱን ሒሳብ ይሥሩ

ምርጫ ከመጀመርዎ በፊት ወረቀት ላይ እነዚህን ይጻፉ፦ የመሣሪያው ዋጋ፣ የገጣሚው ክፍያ፣ ለብቻው የሚሸጥ የቤት ውስጥ ደወል ካለ የእርሱ ዋጋ፣ መለዋወጫ ባትሪ ወይም አዲስ ትራንስፎርመር፣ የሚሞሪ ካርድ፣ በመጨረሻም አምራቹ ቪዲዮውን በራሱ ኮምፒውተር (ሰርቨር) ላይ ለማስቀመጥ የሚጠይቀው ወርሃዊ ክፍያ ካለ በ60 ወር ተባዝቶ። ብዙ ሰው የሚዘልለው ይህን የመጨረሻውን ነው፤ ትልቁም እርሱ ነው።

አንድ ምሳሌ እንይ። የመሣሪያው ዋጋ 100 ቢሆንና ወርሃዊ ክፍያው 5 ቢሆን፣ በ60 ወር ክፍያው ብቻ 300 ይደርሳል፤ ድምሩ 400 ነው። ሌላው መሣሪያ 180 ቢያወጣና ቅጂውን በ20 በሚገዛ ካርድ ላይ ቢያስቀምጥ፣ ካርዱ በመሃል አንድ ጊዜ ቢቀየር እንኳ ድምሩ 220 ነው። መደርደሪያ ላይ ውድ የመሰለው መሣሪያ በአምስት ዓመት ውስጥ ከሌላው በግማሽ ያህል ይረክሳል ማለት ነው።

ወርሃዊ ክፍያው ባለበት ይቆያል ብለው አያስሉ። ሪንግ የተባለው የበር ደወል አምራች በአሜሪካ ለአንድ መሣሪያ ያስከፍለው የነበረው መሠረታዊ ወርሃዊ ክፍያ 3 ዶላር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 3.99፣ በ2024 ደግሞ 4.99 ዶላር ሆነ። መሣሪያው ያው ነው፤ ክፍያው በሁለት ዓመት ውስጥ በሁለት ሦስተኛ ያህል ጨመረ። ስለዚህ በሒሳብዎ ላይ ለጭማሪ የሚሆን ቦታ ይተዉ።

ቀጥሎ መሣሪያው ክፍያ በሌለበት ምን እንደሚሠራ ያጣሩ። በብዙዎቹ ዘንድ ደወሉ ሲነካ ስልክ ላይ መልእክት ይመጣል፣ በቀጥታም ማየት ይቻላል፤ ያለፈውን መልሶ ማየት ግን አይቻልም። ትናንት ማታ ማን እንደመጣ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። አዲስ ዕቃ ብዙ ጊዜ ለሙከራ ያህል ሁሉን ነገር በነፃ ከፍቶ ስለሚመጣ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ባዩት ብቻ አይፍረዱ። ክፍያው ለአንድ መሣሪያ ነው ወይስ ለመላው ቤት የሚለውም ሌላ ካሜራ ለመጨመር ላሰበ ሰው ልዩነት ያመጣል።

በአምራቹ ሰርቨር ላይ በርቀት የሚቀመጥ ቅጂ ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። ሌባ ደወሉን ነቅሎ ቢወስድ በውስጡ ያለው ካርድ አብሮ ይሄዳል። ካርዱ ቤት ውስጥ በሚቀመጥ ሳጥን ላይ የሚገባባቸው ሞዴሎች ግን አሉ፤ ወርሃዊ ክፍያ ለሰለቸው ሰው እኔ የምመክረው እነዚህን ነው።

2. የኃይል ምንጩን ይምረጡ

የመሣሪያውን ዕድሜ ከሁሉም በላይ የሚወስነው ይህ ነው።

በባትሪ የሚሠራው ለመግጠም ቀላል ነው፤ ለተከራይም ይመቻል። ማሸጊያው ላይ «እስከ ስድስት ወር» ተብሎ የሚጻፈው ግን በቀን ጥቂት እንቅስቃሴ ብቻ ለሚያይ በር የታሰበ ነው። መሣሪያው እግረኛ ባለፈ ቁጥር ነቅቶ የሚቀርጽ ከሆነ ያ ስድስት ወር ወደ ጥቂት ሳምንታት ሊወርድ ይችላል።

ስለ ባትሪ አሮጌነት ግን አንድ የተለመደ የተሳሳተ ግምት አለ፤ ሰው ባትሪ የሚያልቀው ከመሙላት ብዛት ይመስለዋል። የሊቲየም ባትሪ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ገደማ የሚወርደው በአብዛኛው ከ300 እስከ 500 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ ካለቀ በኋላ ነው። በሁለት ወር አንዴ የሚሞላ ደወል በአምስት ዓመት ውስጥ የሚሞላው 30 ጊዜ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ቢሞላም 130 ጊዜ ነው። ታዲያ ለምን ይደክማል? ዋናው ምክንያት ሙቀትና የጊዜ ርዝመት ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ጥቁር ፕላስቲክ ከአካባቢው አየር እጅግ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ደግሞ በባትሪው ውስጥ ያለውን ኬሚካል ያስረጃል። ብርድም የራሱ ጣጣ አለው፦ የሊቲየም ባትሪ ከ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ቢሞላ ስለሚጎዳ፣ ብዙ መሣሪያዎች በዚያ ቅዝቃዜ መሙላቱን ራሳቸው ያቆማሉ። በውርጭ ወቅት ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ላይ ተሰክቶ የማይሞላ ደወል ላይበላሽ ይችላል፤ ራሱን እየተከላከለ ይሆናል።

ስለዚህ በባትሪ የሚሠራውን የሚገዙ ከሆነ ባትሪው ተነቅሎ የሚቀየር መሆኑን ያረጋግጡ። በውስጡ የታሸገ ከሆነ የባትሪው ሞት የመሣሪያው ሞት ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከፌብሩዋሪ 18 ቀን 2027 ጀምሮ በሚጸናው ደንብ መሠረት የትናንሽ መሣሪያዎች ባትሪ፣ ከጥቂት በስተቀር፣ በተጠቃሚው እጅ ሊወጣና ሊቀየር የሚችል መሆን አለበት፤ ይህ ለሌላውም አገር ገዢ ይጠቅማል።

በሽቦ የሚሠራው የመሙላት ሥራ የለበትም። የኤሌክትሪክ ፍጆታውም ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ 4 ዋት የሚወስድ ደወል ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ 35 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ብቻ ይፈጃል። ችግሩ ያለው ትራንስፎርመሩ ላይ ነው። በሰሜን አሜሪካ ለነበረ የደወል ሽቦ የተሠሩ ሞዴሎች በአብዛኛው ከ16 እስከ 24 ቮልት ይጠይቃሉ፤ የቆዩ ቤቶች ውስጥ ያለው ግን 10 ቮልት ሊሆን ይችላል፣ በአውሮፓም 8 ቮልት የተለመደ ነው።

የኃይል ማነስ ራሱን የሚገልጠው ደግሞ በተንኮል ነው። ደወሉ ቀን ቀን ያለ እንከን ይሠራል። ሲመሽ ለጨለማ የሚያገለግለው የኢንፍራሬድ መብራት ይበራል፤ በዚያው ላይ እንግዳ መጥቶ ቁልፉን ሲጫን ካሜራው፣ ድምፅ ማጉያውና ዋይፋዩ በአንድ ጊዜ ኃይል ይጠይቃሉ። ቮልቴጁ ይወርዳል፣ መሣሪያው ጠፍቶ ይነሣል፣ እንግዳውም ዝም ያለ በር ፊት ይቆማል። ባለቤቱ «ዕቃው ተበላሸ» ብሎ ሌላ ይገዛል፤ ሌላውም ማታ ማታ ይጠፋል። ከመቀየርዎ በፊት ባለሙያ በቴስተር ቮልቴጁን ይለካ፤ መለካት ያለበትም በጨለማ፣ መሣሪያው እየሠራ ሳለ ነው። የቤት ውስጡ ደወል ሳይነካ የሚያጉረመርም ከሆነም ከመሣሪያው ጋር በሳጥኑ ውስጥ የሚመጣው ትንሽ የኃይል ማስተካከያ አልተገጠመ ወይም በትክክል አልገባ ይሆናል። የትራንስፎርመሩን ሽቦ የሚነካ ማንኛውም ሥራ ብሬከሩ ከወረደ በኋላ፣ በኤሌክትሪክ ባለሙያ እጅ ይሠራ።

ቤት እየሠሩ ወይም እያደሱ ከሆነ ወደ በሩ አንድ የኔትወርክ ገመድ ያስቀብሩ። በዚያው ገመድ ኃይልም ኢንተርኔትም የሚቀበሉ ደወሎች አሉ። ባትሪ የለም፣ የዋይፋይ መቆራረጥ የለም፤ ዕድሜን ለሚያስብ ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም። መብራት ሲጠፋ ግን ሽቦውም ራውተሩም አብረው እንደሚጠፉ ያስቡበት፤ ለራውተሩ መጠባበቂያ ባትሪ ካልተደረገ በባትሪ የሚሠራው ደወልም ቢሆን መልእክት መላክ አይችልም።

3. ዋይፋዩን በሩ ላይ ይፈትሹ

በሩን ዘግተው ስልክዎን ደወሉ በሚገጠምበት ቦታ ይያዙና ቪዲዮ ይክፈቱ። ከተገጠመ በኋላ ደግሞ በመተግበሪያው ውስጥ የሲግናሉን መጠን ይመልከቱ፤ ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር ነው፣ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል። -60 ጥሩ ነው፤ ከ-70 በታች ከወረደ (ለምሳሌ -75) መቆራረጥ ይጠብቁ። ከዋይፋይ ሞገዶች 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው ከ5 ጊጋኸርዝ ይልቅ ግድግዳን ያልፋል። ደካማ ሲግናል ባትሪንም ይበላል፤ መሣሪያው ደጋግሞ ለመላክ ይታገላልና።

4. የአምራቹን ዕድሜ ይጠይቁ

መሣሪያው ጤነኛ ሆኖ በአምራቹ ውሳኔ ሊሞት ይችላል። ኔስት የተባለው ኩባንያ «ሪቮልቭ» የሚባለውን የቤት መቆጣጠሪያ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በሜይ 2016 ሲዘጋ መሣሪያዎቹ ከጥቅም ውጭ ሆኑ። ጉግል ደግሞ በኤፕሪል 2024 የድሮፕካም ካሜራዎችን አገልግሎት አቋረጠ። ሁለቱም የበር ደወል አይደሉም፤ አሠራራቸው ግን ያው ነው፦ ሌላ ቦታ ያለ ሰርቨር ሲጠፋ ግድግዳ ላይ ያለው ዕቃ ይዘጋል።

ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ለሞዴሉ የደኅንነት ማሻሻያ እስከ መቼ እንደሚሰጥ የተጻፈ ቀን ይፈልጉ። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 29 ቀን 2024 ጀምሮ አምራቾች ይህን በግልጽ እንዲያስታውቁ ሕግ ያስገድዳል፤ የአንድ ዓለም አቀፍ አምራች መግለጫ እዚያ ከተገኘ ስለ ሞዴሉ ብዙ ይናገራል። ጊዜው የሚቆጠረው ሞዴሉ ገበያ ላይ ከዋለበት ወይም ሽያጩ ካበቃበት ቀን ሊሆን ይችላል እንጂ እርስዎ ከገዙበት ላይሆን ይችላል። በግማሽ ዋጋ የወረደ የአራት ዓመት ሞዴል «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለውን ያስታውሳል፤ ዋጋው የሚካፈለው ድጋፉ ለቀሩት ዓመታት እንጂ ለአምስት አይደለም።

ምስሉን ወደ ሌላ ኩባንያ መቅጃ መላክ የሚችል፣ አርቲኤስፒ ወይም ኦንቪፍ የሚባለውን የጋራ ሥርዓት የሚቀበል ሞዴል ካገኙ ይምረጡት። ያ መሣሪያ አምራቹ ቢተወው እንኳ ሊያገለግልዎት ይችላል።

5. በሳጥኑ በመጡት ብሎኖች ይግጠሙ

ይህ ተራ ምክር ይመስላል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ሪንግ የሁለተኛ ትውልድ ደወሎቹን በተመለከተ በአሜሪካ 350,000 ያህል መሣሪያዎችን የሚመለከት ማስጠንቀቂያ አወጣ። ምክንያቱ ብሎን ነበር። አንዳንድ ሰዎች ለመግጠሚያው በታሰበው አጭር ብሎን ፋንታ ሌላ ብሎን ሲጠቀሙ ባትሪው ሊጎዳ፣ ሊግልና እሳት ሊያስነሣ ይችላል ተባለ። ካቻቪቴ ከማንሳትዎ በፊት የትኛው ብሎን የት እንደሚገባ መመሪያው ላይ ይዩ።

ከጣሪያ ክዳን በታች ወይም ጥላ ባለበት ጎን መግጠም ባትሪውንም ፕላስቲኩንም ያቆያል። የውኃ መከላከያ ደረጃውን የሚያሳየውን ቁጥር ይመልከቱ፤ አይፒ65 የሚለው ከአይፒ54 የበለጠ አቧራና ውኃ ይቋቋማል። ጀርባውን በሲሊኮን ሲያሽጉ ላዩንና ሁለቱን ጎን ብቻ ይሸፍኑ፤ ታቹ ክፍት ካልሆነ የገባ ውኃ መውጫ ያጣል። አቅጣጫውንም ከመንገዱ ይመልሱት፤ የቀረጻው ብዛት ይቀንሳል፣ ባትሪው ይረዝማል፣ የጎረቤት በርም ከምስሉ ይወጣል።

6. በየሦስት ወሩ ይፈትሹ

በተገጠመ ቀን ቁልፉን ይጫኑና ስልኩ እስኪጮኽ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ይጻፉ። በየሦስት ወሩ ይድገሙት። ቁጥሩ ቀስ እያለ ከጨመረ መሣሪያው ሳይሞት በፊት ዋይፋዩን ወይም ባትሪውን እንዲያዩ ይነግርዎታል።

ሌንሱን በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት። የሸረሪት ድርም ያስወግዱ፤ ማታ የኢንፍራሬድ መብራቱን መልሶ ምስሉን ነጭ ያደርጋል፣ በነፋስ ሲወዛወዝም ያለ ምክንያት ያስቀርጻል። የሚሞሪ ካርድ ካለ አንድ የቆየ ቅጂ ከፍተው ይመልከቱ፤ የተበላሸ ካርድ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ቅጂው በተፈለገበት ቀን ነው። ለካሜራ ተብሎ የተሠራ፣ ተደጋጋሚ ቀረጻ የሚችል ካርድ ይግዙ። ማሻሻያዎችንም አይዝለሉ፤ የይለፍ ቃሉ ሌላ ቦታ ያልተጠቀሙበት ይሁን፣ ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ ሌላ ኮድ የሚጠይቀው ሁለተኛው የማረጋገጫ ደረጃም ይከፈት።

7. መጠገን ወይስ መቀየር?

በመጀመሪያ የተጻፈውን ድምር በአምስት ይካፈሉ፤ የአንድ ዓመት ዋጋ ይሰጥዎታል። የጥገናው ወጪ መሣሪያው ተጠግኖ በሚያገለግልባቸው ዓመታት ተካፍሎ ከዚያ ካነሰ ይጠግኑ፤ ከበለጠ ይቀይሩ። የማሻሻያ ድጋፉ ካበቃ ግን ጥገናው ርካሽ ቢሆንም እኔ አልጠግነውም፤ በር ላይ የሚቆም፣ ከቤት ኔትወርክ ጋር የተገናኘ ካሜራ ያለ ደኅንነት ማሻሻያ መተው አይገባም።

ዋስትናውን ከመክፈልዎ በፊት ያንብቡ፣ ደረሰኙንም ፎቶ ያንሱ። በብዙ አምራቾች ዘንድ ዋስትናው አንድ ዓመት ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት ሻጩ በሕግ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ተጠያቂ ነው። አሮጌውን ሲሸጡ ወይም ሲሰጡ መጀመሪያ ከእርስዎ አካውንት ያስወጡት፤ አለበለዚያ አዲሱ ባለቤት መመዝገብ ላይችል ይችላል፣ የቀደሙት ቅጂዎችም በስምዎ ይቀራሉ። ያበጠ ባትሪ ካገኙ አይብሱት፣ አይሙሉት፤ ከቆሻሻ ጋር ሳይቀላቅሉ ባትሪ ወደሚሰበሰብበት ቦታ ይውሰዱት።